ነፍጥ፣ ሽፍታና ፍትሕ፤ የታጠቀ ማኅበር ስለ ተቀጣበት ሥርዓት

ጠመንጃ ታጥቆ ብቻውን መንገዱን የሚሄድ ሰውና ጠመንጃ ታጥቆ ለዝርፊያ ከተማማለ ማኅበር ጋር የተሰለፈ ሰው በፍትሕ ሚዛን ላይ እኩል ሊቀመጡ ይገባልን? ይህ ጥያቄ በዘመናችን በብዙ አገሮች ሸንጎ የሚያከራክር ሲሆን፣ የታጠቁ የወንበዴ ጓዶች ቅጣታቸው ከሌላው ወንጀለኛ ይልቅ እንዲከብድ የሚያዝዙ ሕጎችም ሲወጡ ይሰማል። ለኢትዮጵያ ግን ጥያቄው እንግዳ አይደለም። አገራችን ለብዙ መቶ ዓመታት ነፍጥ የክብር ምልክት፣ የአገር መጠበቂያና የወንድነት መታወቂያ ሆኖ የኖረባት ምድር በመሆኗ፣ ሕጓ ብረቱን ራሱን እንደ ኃጢአት ሊቈጥረው ከቶ አልተቻለውም፤ ስለዚህ ኃጢአቱን ከብረቱ ላይ አንሥቶ በመሐላው ላይ፣ ይኸውም ሰዎች ሌላውን ለመቀማትና ለመግደል በተማማሉበት ማኅበር ላይ ማኖርን ቀስ በቀስ ተማረ። ይህ ትምህርት በብዙ ደም የተገዛ ነው፤ ታሪኩን በተራ የሚመረምር ሰውም የቅጣት ክብደት ብቻውን ጫካን ከሽፍታ አጽድቶ እንደማያውቅ፣ የታወቀ ዳኛ፣ የማይቀር ፍርድና የተከፈተ የምሕረት በር በተገኙበት ጊዜ ግን አውራ ጎዳናው እንደሚድን ይረዳል።

የጦር መሣሪያው ወደ አገራችን የገባበትን መንገድ ማስታወስ ያስፈልጋል። ኢማም አሕመድ ከቱርኮች ባገኘው ነፍጥ ደጋውን ካስጨነቀ በኋላ፣ በ1533 ዓ.ም. ክሪስቶፎር ዳ ጋማ የሚመራቸው 400 ያህል ፖርቱጋሎች በምጽዋ በኩል ገብተው ለክርስቲያኑ መንግሥት ተሰለፉ፤ ከዚያ ዘመን ጀምሮ ነፍጥ በቤተ መንግሥት ግምጃ ቤት የሚቈለፍ፣ ከንጉሥና ከታላላቅ መኳንንት እጅ የማይወጣ ውድ ዕቃ ሆኖ ሦስት መቶ ዓመት ያህል ቈየ። በዘመነ መሳፍንት ቊጥሩ ቢጨምርም የጦሩ ሁሉ እምነት ገና በጦርና በጋሻ፣ በፈረስና በጐራዴ ነበረ። ነገሩን የለወጠው ከመቅደላ ውድቀት በኋላ የመጣው ዘመን ነው፤ በ1860 ዓ.ም. የእንግሊዝ ጦር ሲመለስ ለትግሬው ገዥ ለካሣ፣ ኋላ ለዐፄ ዮሐንስ፣ መድፍና ከ800 በላይ ጠመንጃ ትቶላቸው ሄደ። ከዚያም በኋላ በምጽዋ፣ በታጁራና በጅቡቲ በኩል ስናድሩ፣ ረሚንግቶኑ፣ ውጅግራው፣ አልቢኑና ምንሽሩ እየተከታተለ ገባ። ኃያላን መንግሥታት በ1882 ዓ.ም. በብራስልስ ተሰብስበው ዘመናዊ መሣሪያ ወደ አፍሪካ እንዳይገባ ቢስማሙም፣ በ1888 ዓ.ም. ወደ ዐድዋ የዘመተው ሠራዊት የያዘው ጠመንጃ ወደ 100,000 እንደሚደርስ ይገመታል። የአገሩን ነጻነት ያዳነው ይህ ነፍጥ ነው፤ ነገር ግን ዘማቹ ወደ ቀየው ሲመለስ ነፍጡን ይዞት ተመለሰ፤ በሠርግ የተኰሰው፣ በለቅሶ የተኰሰው፣ በግድግዳ የሰቀለው መሣሪያ በቂም ወይም በችግር ቀን ወደ በረሃ ይዞት የሚወርደውም እርሱ ሆነ።

ሽፍትነት ከዚህ ሁሉ በፊት የነበረ፣ አንድ ዓይነት መልክም የሌለው ነገር ነው። ከሽፍቶቹ አንዱ ወገን ሹመት የቀረበት፣ ርስቱ የተነጠቀበት ወይም ፍርድ የጎደለበት ባላባት ሲሆን፣ ከተከታዮቹ ጋር በረሃ ገብቶ ግዛቱን ለማስመለስ፣ ጊዜ ሲቀናውም ዙፋን ለመያዝ የሚዋጋ ነበረ። ሁለተኛው ወገን ሰው ገድሎ የባለ ደምን በቀል የሸሸ፣ ዕርቅ እስኪገኝ ድረስ ጫካ ያደረ ገበሬ ነው። ሦስተኛው ግን ምንም በደል ሳይደርስበት፣ የሌላውን ላብ ለመብላት ብቻ ከመሰሎቹ ጋር የተማማለ ቀማኛ ነው። እነዚህ ሦስቱ በአንድ ዋሻ ሊያድሩ፣ በአንድ ዝናር ሊታጠቁ ይችሉ ነበርና ሕዝቡ ለመጀመሪያው ያዜመውን ዘፈን ሦስተኛው ሰርቆ ይኮራበታል፤ መኳንንቱም የመጀመሪያውን ሲፈልጉ ምንም ያልበደለውን መንደር ያቃጥላሉ። የቋራ፣ የአርማጭሆና የወልቃይት ቆላ፣ የዓባይና የተከዜ ሸለቆ፣ ሹም በወባ ፍራቻ የማይወርድባቸውና የሁለት ገዥዎች ወሰን የሚጋጠምባቸው ስፍራዎች በመሆናቸው የሽፍታ መናኸሪያ ሆኑ። በጐጃም ከባሶ ገበያ ተነሥቶ ወደ ጎንደርና ወደ ምጽዋ የሚጓዘው ሲራራ ነጋዴም በነጋድራሱ እየተመራ፣ አጃቢ አስታጥቆ፣ በመቶ በመቶ እየሆነ ካልሆነ በቀር ዝሆን ጥርሱንና ቡናውን፣ ሰሙንና ዝባዱን ይዞ በደኅና ይደርሳል ብሎ የሚተማመን አልነበረም።

የሽፍታንም የንጉሥንም ኑሮ በአንድ ዕድሜ የኖረው ዐፄ ቴዎድሮስ ይህን ችግር ከማንም ይልቅ ያውቀው ነበር። ገና ካሣ ኃይሉ ተብሎ በቋራ በረሃ ሳለ የዘረፈውን ለድኾች ያካፍል፣ ለገበሬውም ማረሻ ይገዛለት እንደ ነበረ ይተረካል፤ በ1847 ዓ.ም. በደረስጌ ማርያም ከነገሠ በኋላ ግን ሁሉም ወደ አባቱ ሥራ እንዲመለስ፣ ገበሬው እንዲያርስ፣ ነጋዴውም እንዲነግድ ዐዋጅ አስነገረ። ከዚያ ዘመን የተረፈ አንድ ትረካ አለ፤ በቀማኛነታቸው የታወቁ የአንድ መንደር ሰዎች መሣሪያቸውን እንደ ታጠቁ ከንጉሡ ፊት ቀርበው፣ የአባቶቻችን ሥራ መንገድ ጠብቆ መቀማት ነውና በዐዋጅዎ መሠረት በዚሁ ያጽኑን ብለው ለመኑ። ንጉሡም በሬና ማረሻ ልስጣችሁና እረሱ ቢላቸው እንቢ አሉ፤ እንደ ቃላችሁ ይሁን ብሎ ካሰናበታቸው በኋላ ፈረሰኛ ልኮ በመንገድ አስፈጃቸው ይባላል። ትረካው በዝርዝሩ ሁሉ እውነት ይሁን አይሁን፣ የዘመኑን አሳብ ግን በግልጥ ያሳያል፤ ንጉሡ አስቀድሞ የመመለሻ በር ከፈተ፣ በሩን የናቁትን በሰይፍ ቀጣ፤ ሆኖም በመካከሉ ዳኛ አልተቀመጠም፣ ምስክር አልተሰማም፣ ከመንደሩ ሰዎች ማን እንደ ገደለ፣ ማን ደግሞ በፍርሃት እንደ ተከተለ የጠየቀ አልነበረም። በንግሥናው ማብቂያ ዘመን ሽፍታውና ዓመፀኛው ከመጀመሪያው ይልቅ በዝቶ መገኘቱም ቅጣቱ ስላልከበደ አልነበረም።

ንጉሥ በማይደርስበት አገር ሕዝቡ ራሱ ያበጀው የፍትሕ ሥርዓት ነበረው። ከግብጽ ሊቃውንት ወገን የሆነው ኢብን አል አሳል በ13ኛው መቶ ዓመት በዐረብኛ ያጠናቀረው፣ በዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ዘመን ወደ ግዕዝ እንደ ተመለሰ የሚነገርለት ፍትሐ ነገሥት ከ51 አንቀጾቹ 22ቱን ለመንፈሳዊው፣ 29ኙን ለሥጋዊው ሥርዓት ሰጥቶ የነፍስ ግድያንና የሌብነትን ፍርድ ይደነግጋል፤ ይሁን እንጂ መጽሐፉ በሊቃውንትና በዙፋን ችሎት እጅ ነበረና በየቀበሌው የሚሠራው ልማድ ነበረ። በአንድ አገር ነፍስ ሲጠፋ ወይም ከብት ሲዘረፍ ሕዝቡ ሁሉ ለአውጫጭኝ፣ በሌላው አጠራር ለአፈርሳታ ይጠራል፤ ያልመጣ ይቀጣል፣ የመጣውም ወንጀለኛው እስኪታወቅ ድረስ እርሻውንና ከብቱን ትቶ በአደባባይ ይውላል። የተመረጡ ሽማግሌዎች እየማሉ ሰዉን አንድ በአንድ ይጠይቃሉ፤ ያየውን ለመግለጥ የሚፈራ ሰውም ወፍ ነገረኝ እያለ ስሙን ሳያስነሣ እውነቱን ያወጣል። ይህ ሥርዓት ጉድለት ቢኖረውም ታላቅ ጥበብ ነበረው፤ የታጠቀ ማኅበር ኃይሉ በጠመንጃው ብዛት ሳይሆን ባካባቢው ሰው ዝምታ መሆኑን አስተውሎ የዝምታውን ማሠሪያ ይፈታ ነበርና ነው። ሕፃን ልጅ መድኃኒት ጠጥቶ የሌባውን ቤት ያሳያል የሚባለው የሌባ ሻይ ልማድ ግን ስንቱን ንጹሕ ያስኰነነ ድንቁርና ስለ ነበረ በኋላ ዘመን መከልከሉ የተገባ ነው። ከዚህም ሌላ ከሳሽና ተከሳሽ በአንድ ሰንሰለት ቁራኛ ሆነው ወደ ዳኛ ይሄዱ፣ መንገደኛውም በሕግ አምላክ ተብሎ ሲጠራ ጠላቱ እንኳ ቢሆን እግሩን ይገታ ነበረ፤ የማንም ወታደር ሳይኖር አንድ ቃል ሰውን ያቆመበት ይህ ልማድ ሕግ በሕዝቡ ኅሊና ውስጥ ምን ያህል ሥር እንደ ሰደደ ይመሰክራል።

ቤተ ክርስቲያንም ድርሻ ነበራት። ሽፍታን የሚሸሽግና የተቀማ ዕቃ የሚገዛ ሰው በግዝት ይታሰር ነበረ፤ በሌላው ወገን ደግሞ የታወቁ ገዳማትና አድባራት፣ በጎንደርም የእጨጌው ሰፈር፣ ለተሳደደ ሰው መማጸኛ ነበሩ። ሽፍታው ልቡ ሲመለስ ካህናቱ መስቀል ይዘው፣ ሽማግሌዎች ዋስ ሆነው ያስታርቁታል፤ እርሱም ድንጋይ ተሸክሞ ከበደለው ጌታ እግር ሥር ይወድቃል። በሰኔ 1886 ዓ.ም. የዐፄ ዮሐንስ ልጅ ራስ መንገሻ ድንጋይ ተሸክመው በአዲስ አበባ ከዐፄ ምኒልክ ፊት ሲቀርቡና ምሕረት ሲቀበሉ የታየው ሥርዓት ይኸው ነው። ጥቂት ዘመን ቈይቶ በዐድዋ ዘመቻ ራስ መንገሻ ከንጉሠ ነገሥቱ ጋር ለአገራቸው መሰለፋቸው፣ በጊዜው የተሰጠ ምሕረት ለመንግሥት ምን ያህል ኃይል እንደሚሆን ያስረዳል። ሆኖም ይህ የምሕረት ሥርዓት ለታላቁ ባላባት ቀና፣ ለተራው ገበሬ ጠባብ መሆኑን ሳይናገሩ ማለፍ ለእውነት አይገባም፤ ባላባቱ ታርቆ ሲሾም፣ ተከታዩ ገበሬ ለባለ ደም ተላልፎ ይሰጥ፣ እጁንና እግሩን ይቈረጥ ወይም በገበያ ዳር ይሰቀል ነበረ።

ይህ የተበታተነ ሥርዓት ወደ አንድ የመንግሥት ሕግ መሰብሰብ የጀመረው ዐፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሚኒስትሮች ሲሾሙና አፈ ንጉሥ ነሲቡ የፍርድ ሚኒስትር ሲሆኑ ነው። በነሐሴ 1922 ዓ.ም. ኢትዮጵያ ከእንግሊዝ፣ ከፈረንሳይና ከኢጣልያ ጋር ባደረገችው ውል ወደ አገሩ የሚገባው የጦር መሣሪያ በመንግሥቷ ፈቃድ ብቻ እንዲሆን ተስማማች፤ በ1923 ዓ.ም. ደግሞ በፍትሐ ነገሥት መሠረት ላይ የተሠራው የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ ወጣ። ነገሩ ግን ሳይደላደል የፋሺስት ወረራ መጣ፤ ወረራውም የቅጣት ክብደት ፍትሕ ሲጎድለው ምን እንደሚወልድ በአምስት ዓመት ውስጥ ለዓለም አሳየ። ሙሶሊኒ ግንቦት 28 ቀን 1928 ዓ.ም. በላከው ትእዛዝ የተማረከ ዓመፀኛ ሁሉ በጥይት እንዲገደል አዘዘ፤ አርበኛው በጠላት መዝገብ ሽፍታ ተብሎ ተጻፈ፤ በታኅሣሥ 1929 ዓ.ም. በፍቼ በተሰጣቸው ቃል ተማምነው የገቡት የራስ ካሣ ልጆች ደጃዝማች አበራና አስፋ ወሰን ተገደሉ። ከዚህ በኋላ መሣሪያ ማስረከብ ሞት መሆኑን ያላወቀ፣ መሣሪያ ይዞ መቆየትም ሕይወት መሆኑን ያልተረዳ ሰው አልነበረም፤ ጫካውም ሞላ። ቃሉን የሚያፈርስ ገዥ የሚደነግገው የሞት ፍርድ ትጥቅ ያስታጥቃል እንጂ ትጥቅ አያስፈታም።

ነጻነት ሲመለስ አገሩ በጠመንጃ ተሞልቶ ነበረ፤ አርበኛው የያዘው፣ ጠላት ጥሎት የሄደው፣ ባንዳው የደበቀው መሣሪያ በየጎጆው ነበረና። መንግሥት በ1934 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 2 የዳኝነትን ሥራ፣ በአዋጅ ቁጥር 6 ደግሞ የፖሊስን ሥራ ደነገገ፤ ይህም የሽፍታ አደን ከመኳንንት ዘመቻ ወጥቶ የመንግሥት ሠራተኛ መደበኛ ሥራ እንዲሆን መሠረት ጣለ። የዚያን ዘመን አስቸጋሪነት ከደጃዝማች በላይ ዘለቀ ታሪክ ይልቅ የሚያስረዳ የለም። አባቱ ስለ ተገደለበት ገና በወጣትነቱ ሸፍቶ የነበረው ይህ ሰው በጠላት ጊዜ በጐጃም ታላቅ አርበኛ ሆነ፤ ከነጻነት በኋላ ሹመት አግኝቶ ሳለ ከመንግሥት ጋር ተጣልቶ እንደ ገና ሸፈተ፤ እጁን ከሰጠ በኋላም የተፈረደበት ሞት በእስራት ተለውጦለት ሳለ አምልጦ በመያዙ በጥር 1937 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ተሰቀለ። ሕዝቡ እስከ ዛሬ በዘፈኑ ያለቅስለታል፤ የዚህም ልቅሶ ምክንያት ሰዉ ሕግን ስለ ናቀ አይመስለኝም። ነፍጡን ለአገሩ ያነሣና ነፍጡን በመንግሥት ላይ ያነሣ አንድ ሰው ሲሆን ሚዛኑ የሚጨነቅ ስለ ሆነ፣ የሕግም ክብር በእንዲህ ያለው ጊዜ ከቅጣቱ ጽናት ይልቅ በፍርዱ ጥራት የሚለካ ስለ ሆነ ነው።

ከመረብ ወዲያ በኤርትራ የታየው ነገር ለዚህ ጉዳይ ትልቅ ማስረጃ ነው። በእንግሊዝ አስተዳደር ዘመን የፖለቲካ ክርክሩ ሲጋል፣ የሥራ እጦቱና የመሬት ጥሉ ሲበዛ፣ የታጠቁ ጓዶች በደጋውና በቆላው ተነሥተው መንገድ ዘጉ፣ አውቶቡስ አስቆሙ፣ እርሻ አቃጠሉ፣ በፖለቲካ የተለየውንም ሰው ገደሉ። አስተዳደሩ ወታደርና ፖሊስ ቢያዘምት፣ መንደር ቢቀጣ፣ ወንጀለኛ ለሚያቀርብ ገንዘብ ቢያስነግር ነገሩ አልበረደም። ሰኔ 12 ቀን 1943 ዓ.ም. ግን ዋናው አስተዳዳሪ ብሪጋዴር ድሩ ጠቅላላ ምሕረት አወጁ፤ በምሕረቱም ከአንድ ሺህ የሚበልጡ ሽፍቶች መሣሪያቸውን እያስረከቡ ገቡ፤ በሩ በተከፈተ ጊዜ ያልገባው ግን ጠንካራ ሕግ ጠበቀው። ምሕረቱና ቅጣቱ በአንድነት ስለ መጡ አንዱ ለሌላው ኃይል ሆነ፤ ጫካ የቀረው ሰው በቂም ወይም በፍራቻ የሸፈትሁ ነኝ የሚልበት ምክንያት ስላልቀረለት፣ ገበሬውም እርሱን የሚሸሽግበት ርኅራኄ ጠፋበት።

እነዚህ ሁሉ ትምህርቶች በሕግ ቃል ተቀርጸው የተገኙት በ1949 ዓ.ም. በወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ ነው። የስዊሱ ሊቅ ዣን ግራቨን ያረቀቁትና ከኢትዮጵያ ሊቃውንት ጋር የተመረመረው ይህ ሕግ ጥንታዊውን ልማድና የአውሮፓን የሕግ ጥበብ ሊያስታርቅ የሞከረ ታላቅ ሥራ ነው። መሣሪያን ያለ ፈቃድ መያዝን በደንብ መተላለፍ ክፍል አኖረው፤ በዚህም ነፍጥ ለገበሬው ምን እንደ ሆነ ማወቁን አሳየ። በአንቀጽ 81 ግን ቅጣት የሚከብድባቸውን ጠቅላላ ምክንያቶች ሲዘረዝር፣ ወንጀሉን በሌሊት፣ በሁከት ጊዜ ወይም በመሣሪያ የፈጸመውን ሰው በአንድ ንኡስ ክፍል፣ ወንጀል ለመሥራት ከተማማለ ማኅበር አባል የሆነውን፣ ይልቁንም አለቃውንና አደራጁን በሌላ ንኡስ ክፍል ለየ፤ ሁለቱ በአንድ ሰው ላይ ሲገናኙ ፍርዱ ድርብ ክብደት እንዲያገኝ አደረገ። በአንቀጽ 522 ደግሞ ለመግደል ወይም በመሣሪያ ኃይል ለመዝረፍ የተደራጀ ቡድን አባል ሆኖ ሰውን አስቦ የገደለ በዕድሜ ልክ ጽኑ እስራት ወይም በሞት እንዲቀጣ ደነገገ። ከዚህ በፊት በንጉሥ ቍጣ የተፈረደው ነገር አሁን በተጻፈ ቃል፣ በሚሰማ ማስረጃና ይግባኝ ባለው ፍርድ ቤት ይፈረድ ዘንድ ተሠራ። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር ያሉት አበው ኅብረትን ያመሰገኑት ደካማው በኃያሉ ላይ እንዲበረታ ብለው ነው፤ ኅብረቱ በደካማው ላይ ሲዞር የወንጀሉ ክፋት በሰዎቹ ቊጥር ይባዛል፤ ብቻውን የሆነ ቀማኛ ሊጸጸት፣ ሊፈራ፣ ሊመለስ ይችላል፤ በመሐላ የታሰረው ግን ጸጸቱን ለጓዶቹ ሐፍረት ይሸጣል። የሕጉ ጥበብ ይህን መረዳቱ ነው።

በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ ይህን መሠረት በአንቀጽ 84ና በአንቀጽ 539 ጠብቆ አቈይቷል፤ በ2012 ዓ.ም. የወጣው የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177 ደግሞ ስለ ፈቃድና ስለ ምዝገባ የቀደመውን ልል ሥርዓት አጥብቋል። ሕጉ አለ ማለት ነው። ነገር ግን ዛሬም በአገራችን አውራ ጎዳናዎች የታጠቁ ጓዶች ተሳፋሪ አስወርደው፣ ተማሪውንና ሹፌሩን፣ ነጋዴውንና ሕፃኑን አግተው፣ ከድኻ ቤተ ሰብ በሬ ተሽጦ የማይሞላ ገንዘብ ሲጠይቁ እንሰማለን። በዚህ ጊዜ ብዙ ሰው ቅጣቱ ይክበድ ይላል፤ ልመናው የተገባ ነው፤ መሣሪያና ማኅበር የተገናኙበት ወንጀል ከሌላው ሁሉ ይልቅ ሊከብድ እንደሚገባው ከላይ የተተረከው ታሪክ ሁሉ ይመሰክራል። ይሁን እንጂ በመጽሐፍ የከበደ፣ በመንገድ ላይ የማይገኝ ቅጣት ለወንበዴው ማስፈራሪያ ሳይሆን ለተበደለው ሰው ማላገጫ ይሆናል።

ስለዚህ ከዚህ ታሪክ ሦስት ነገር አጥብቀን ልንይዝ ይገባናል። መጀመሪያ፣ ሕጉ ክንዱን ሁሉ በታጠቀው ማኅበር፣ ከማኅበሩም አስቀድሞ በአለቃውና መሣሪያ በሚያቀብለው፣ የተዘረፈውንም በሚገዛው ላይ ያሳርፍ፤ ማሳውን ለመጠበቅ አሮጌ ጠመንጃ የሰቀለውን ገበሬ ከወንበዴ ጋር አንድ አድርጎ አያዋርድ። ሁለተኛ፣ የአውጫጭኝን ጥበብ በዘመናችን መልክ ያድሰው፤ ምስክር የሚጠበቅበት፣ ተናጋሪ የማይገደልበት፣ ዳኛም ሳይፈራ የሚፈርድበት ሥርዓት ከማናቸውም ረጅም እስራት ይልቅ ወንበዴን ያስጨንቃል። ሦስተኛ፣ ደም ላላፈሰሰውና ተታሎ ለገባው ወጣት የመመለሻውን በር በጊዜ የተወሰነ፣ በቃል የታመነ አድርጎ ይክፈትለት፤ በሩም የተዘጋ ዕለት ያለ አድልዎ፣ ለባላባት ልጅም ለድኻ ልጅም እኩል ይዘጋ። ይህን የምለው ለሽፍታ አዝኜ አይደለም፤ መንገዱ ክፍት፣ ገበያው ሰላም፣ የእናት እንቅልፍ ያለ ሥጋት እንዲሆን ከልብ ስለምመኝ ነው። አባቶቻችን ወታደር በሌለበት ስፍራ በሕግ አምላክ ብለው ታጣቂን ያቆሙት ሕጉ በእርግጥ እንደሚፈርድ ያምኑ ስለ ነበረ ነው፤ ይህን እምነት ለልጆቻችን መመለስ ደግሞ የዳኛው፣ የፖሊሱ፣ የሹሙ፣ የሽማግሌውና የካህኑ፣ የእያንዳንዳችንም ዕዳ ነው።